ቀዳዳውን ማን ይድፈን?

«ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላል የአገራችን ሰው። ቤትም የሚሄደው እንደዚያው እያሳሳቀ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ኮርኒሱ ላይ መዳፍ የምታህል ቡናማ እድፍ ትታያለች። በሁለተኛው ክረምት ከእድፏ ሥር ባልዲ ይቀመጣል። በሦስተኛው አልጋው ከቦታው ተነስቶ ወደ ጥግ ይዞራል። በአራተኛው ምርጊቱ እየተላቀቀ ይወርድና የማገሩ አጥንት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት እግዜር ያውቃል።

በመጀመሪያው ክረምት ሥራው ምን ነበር? መሰላል፣ አንድ ሁለት ሚስማርና ጥቂት ሬንጅ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ታዲያ ለምን አልተሠራም? «ድህነት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ድህነት ግን ግማሽ መልስ ነው። በሐድያ ገጠር ያለው ገበሬ በከተማ ቤት ከተከራየው መምህር የበለጠ ገንዘብ የለውም። የገበሬው ጎጆ ግን በየጊዜው ይከደናል፣ ይመረጋል፣ ቋሚው ሲበሰብስ ይለወጣል። የሚያፈስሰው የመምህሩ ቤት ነው። ልዩነቱ ከኪስ አይደለም። ገበሬው ዘንድ «ቀዳዳውን ማን ይድፈን?» የሚል ጥያቄ የለም፤ መምህሩ ዘንድ ግን አለ። የከተሞቻችንን የኪራይ ቤት ታሪክ ገልጠን ብናይ፣ ይህች ትንሽ ጥያቄ መልስ አጥታ የኖረችበት ታሪክ ሆኖ እናገኘዋለን።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። በሐድያና በከምባታ ምድር ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ያሆዴና መሳላ ሲቃረቡ ቤት ይታደሳል። ግድግዳው ይመረጋል፣ ወለሉ ይለቀለቃል፣ ግቢው ይጸዳል። በዓሉ በቆሸሸ ቤት አይከበርማ! ነገሩን ከበዓልነቱ ባሻገር ካየነው ጥሩ የጥገና ሥርዓት ነው። የጭቃ ቤት ጠላቱ ውኃ ነው። ውኃ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳውን ሲሸረሽር ከርሞ ዝናቡ እንዳባራ ጉዳቱ ይታያል፣ ወዲያው ይሞላል። ምስጥ የጀመረው እንጨት ካለ ያኔ ይገኛል። ማንም ደብዳቤ አልጻፈም፣ ማንም በጀት አልያዘም። በዓሉ ራሱ ቀጠሮ ሆኖ ቤቱን በዓመት አንድ ጊዜ ያስመረምረዋል። ይህ የሚሆነው ግን የቤቱ ባለቤትና የቤቱ ነዋሪ አንድ ሰው ስለሆነ ነው። የሚያድሰው እሱ፣ የሚኖርበትም እሱ።

ኪራይ ይህን አንድ ሰው ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ቤቱ አለው፣ አይኖርበትም። ሌላው ይኖርበታል፣ የእሱ አይደለም። ዝናቡ የሚወርደው በአንደኛው ላይ ነው፤ የሚፈርሰው ንብረት የሌላኛው ነው። ከዚህ ጀምሮ እያንዳንዱ ቀዳዳ ድርድር ይፈልጋል።

በአገራችን ቤት አከራይቶ መኖር እንደ ከተሞቻችን ሁሉ ዕድሜው አጭር ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና አንድ መቶ ሠላሳ ምናምን ዓመቷ ነው። ሆሳዕናም ራስ አባተ ቧያለው በዕለተ ሆሳዕና ስለገቡባት ስሟን አገኘች የምትባል፣ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረች፣ የዚያው ዘመን ልጅ ናት። በመጀመሪያ ዘመን ከተማው የመኳንንት ሰፈር ነበርና ሰው የሚያድረው በጌታው ግቢ ዙሪያ ነው፤ የሚከፍለውም በአገልግሎት ነው። ቤት ሠርቶ በብር ማከራየት እየሰፋ የመጣው ንግዱ፣ ቢሮውና ትምህርት ቤቱ ሰው ወደ ከተማ ሲስቡ ነው። በተለይ ከጣሊያን መውጣት በኋላ ባለርስቱም፣ ነጋዴውም፣ ጡረተኛው መኮንንም በግቢው ጀርባ «ሰርቪስ» እየደረደረ ያከራይ ጀመር። ባሕር ዛፍ፣ ጭቃ፣ ጭድ፣ ቆርቆሮ፤ ቤት ማለት ይኸው ነበር። ባንክ ገንዘብ ማስቀመጥ ባልተለመደበት ዘመን ሁለት ክፍል የሠራች ባልቴት ጡረታዋን ሠራች ማለት ነው።

የዚያን ዘመን አከራይ ሁሉ ደግ ነበር ለማለት አይደለም። ተከራይን አስለቅሶ የበላ ሞልቷል። ነገር ግን የጥገናው ጥያቄ መልስ ነበረው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ በመስከረም 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን አስቀምጦታል። በሕጉ መሠረት ቤቱን በደህና ይዞታ ጠብቆ ማቆየት የአከራዩ ግዴታ ነው። በር፣ መስኮት፣ ወለል፣ ቧንቧና የመሳሰሉት፣ በየዕለቱ አጠቃቀም የሚበላሹ ጥቃቅን ነገሮች ደግሞ በተከራዩ ይጠገናሉ። በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የደረሰ ብልሽት ግን፣ በርም ይሁን መስኮት፣ በተከራዩ አይሳበብም። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሐሳቡ ግን ለማንም ግልጽ ነው፤ ያጎደለ ይሙላ፣ ጊዜ ያጎደለውን ባለቤት ይሙላ። ሕጉን አንብቦ የሚያውቅ ተከራይ ጥቂት ቢሆንም፣ አከራዩ ግን አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ቤቱ ከወደቀ የወደቀው የእሱ ቤት ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ተለወጠ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። የቀረው «ትርፍ» ተባለና ተወረሰ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑትን ለየከተማው ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ሰጠ። አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ። ግለሰብ ቤት አከራይቶ ገቢ ማግኘት ተከለከለ።

እዚህ ላይ በደልንም ደስታንም ሳንደብቅ መናገር ይገባል። ለባለ ብዙ ግቢው መኳንንት ሀብት ነጠቃ ነበር። ለዚያች ባለ ሁለት ክፍል ባልቴት ደግሞ የዕለት እንጀራ ነጠቃ ነበር። ለተከራዩ ግን፣ በተለይ ለድሃው፣ እፎይታ ነበር። «ነገ ውጣ» የሚለው ጠፋ። ኪራዩ ቀለለ። በከተማው እምብርት፣ ከሥራው ከገበያው አጠገብ፣ ድሃ ሆኖ መኖር ተቻለ። ዛሬ የቀበሌ ቤትን የሚንቅ ሰው፣ ስንቱን ዶክተርና መሐንዲስ በ8 ብር ኪራይ እንዳሳደገ ማስታወስ አለበት።

ግን ቀዳዳውንስ? ባለቤቱ ሄዷል። አዲሱ ባለቤት መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ መሰላል ይዞ አይመጣም። በአዋጁ ሐሳብ ቀበሌው ከሚሰበስበው ኪራይ ቤቶቹን ያድሳል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። እስቲ ሒሳቡን እናስላው። ለምሳሌ በወር 8 ብር የሚከፈልበት ቤት በዓመት 96 ብር ያስገባል። ከዚህ ላይ ሰብሳቢው ይከፈለዋል፣ ጽሕፈት ቤቱ ወረቀትና መብራት ይፈልጋል፣ ጥበቃው ይበላል፣ ቀበሌው አዳራሽ ይሠራል። ኪራዩን ሳይከፍል የሚከርምም አለ። ለቤቱ ምን ተረፈ? የባሰው ደግሞ ኪራዩ ባለበት ቆመ። ቆርቆሮ ተወደደ፣ ሚስማር ተወደደ፣ የአናጢ ቀን ተወደደ፤ 8 ብሩ ግን 8 ብር ሆኖ አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት ኖረ። በ1990ዎቹ የዓመቱ ኪራይ ተጠራቅሞ ጥቂት ቆርቆሮ ቢገዛ ነው። ዛሬ አንዱንም አይገዛም።

ሌላም ነገር መጣ። ቀበሌ የቤት ጥገና ደብተር ሊይዝ ተቋቁሞ ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃ ያዘ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ወደ ቀበሌ ሄዶ «ጣሪያዬ ያፈስሳል» የሚል ማን ደፋር ነው? ቀበሌ የሚፈራ እንጂ የሚጠየቅ አልሆነም። አከራዩን መፍራት የተጀመረው ከቀበሌ ነው ባይባልም፣ በጥይት መፍራት የተጀመረው ግን ከዚያ ነው።

ተከራዩስ ለምን ራሱ አይጠግንም? ጠግኗል እንጂ! የቀበሌ ቤት ግማሽ ምዕተ ዓመት የቆመው በነዋሪው እጅ ነው። ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ጭኖ፣ ላስቲክ ወጥሮ፣ ካርቶን ለጥፎ፣ ሲያልፍለት ደግሞ ብሎኬት ደርድሮ። ነገር ግን ሁለት ነገር ያስሩት ነበር። አንደኛው ፈቃድ ነው። ያለ ቀበሌ ፈቃድ ግድግዳ ቢነካ «ሕገወጥ ግንባታ» ይባላል። ፈቃዱ እስኪመጣ ክረምቱ ያልፋል፤ ወይም ክረምቱ ቤቱን ይዞት ያልፋል። ሁለተኛው የእሱ አለመሆኑ ነው። የማይሸጠው፣ የማያወርሰው፣ ነገ «ለልማት ይፈለጋል» የሚባል ቤት ላይ ማን ነው ዕቁቡን የሚያፈስሰው? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። በቀበሌ ቤት ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ስላልታወቀ፣ አጥሩን ዝናቡም፣ ምስጡም፣ ጎረቤቱም ነቀነቀው።

እነዚያ ቤቶች ዛሬ የት ናቸው? በ2001 ዓ.ም. በልደታ ተጀመረ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምክንያት ፈረሱ። ሲፈርሱ የተሰጣቸው ስም «ያረጁና የተጎሳቆሉ መንደሮች» የሚል ነበር። ቃሉ ውሸት አልነበረም። ግን ማን አጎሳቆላቸው? ዕድሜ ብቻ አይደለም። እዚያው ፒያሳ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ጭቃ የተሠራ፣ ባለቤቱ ሳይለቀው የኖረ ቤት ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ልዩነቱ የየዓመቱ ምርጊት ነው። በየዓመቱ ያልተከፈለችው ትንሽ የጥገና ዕዳ ተጠራቅማ በመጨረሻ በአንድ ቀን በዶዘር ተከፈለች። የከፈለው ደግሞ ጎረቤቱን፣ ዕድሩንና ገበያውን አጥቶ ከከተማው ዳር የተላከው ነዋሪ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስለን። በሕንድ ቦምቤይ ከተማ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣ ሕግ የብዙ አሮጌ ሕንፃዎችን ኪራይ በ1940 በነበረበት ዋጋ አሰረው። እዚያ ባለቤቱ አልተወረሰም፤ ግን ኪራዩ የቀለም ዋጋ እንኳ ሳይሆን ሲቀር «ቤቱ ይውደቅ፣ ቢያንስ ቦታው ይቀረኛል» ብሎ እጁን አጣጠፈ። ሕንፃዎቹ በየክረምቱ በሰው ላይ ይወድቁ ጀመር። በ1969 መንግሥት የጥገና ቦርድ የሚያቋቁም ሕግ አወጣ። በአሮጌዎቹ ሕንፃዎች ላይ ለጥገና ብቻ የሚውል መዋጮ ጣለ። ችግሩን አልጨረሰውም፤ ዛሬም በሙምባይ በዝናብ ወራት ሕንፃ ይወድቃል። ሕንዶቹ ግን አንድ ነገር ተረድተዋል። ኪራይን ብቻ የሚያይ ሕግ ቤቱን አያየውም። ቤቱ የራሱ ድርሻ ያስፈልገዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲን ሲያውጅ፣ ቤት ሠርቶ ማከራየት በሩ ገርበብ ብሎ ተከፈተ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ወለል አለ። የግል አከራይ ተመለሰ። የጥገናውስ ጥያቄ አብሮ ተመለሰ? መልሱን ለማየት አዲስ አበባ መቀመጥ አያስፈልግም፤ ሆሳዕና፣ ሞርሲቶ፣ ዱራሜ መውረድ ይበቃል።

ሞርሲቶ በሐድያ ዞን የሚሻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው ከተሞች ቤቷን ያበዛላት የቡናው ወይም የፋብሪካው ገንዘብ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ከሐድያና ከከምባታ ወጣቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ጎረፈ። በጆሃንስበርግ ጥቁሮች ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ፣ ወይም ብርድ ልብስ ተሸክሞ እየዞረ ሸጦ ያገኘውን ወደ አገሩ ላከ። የመጀመሪያው ብር የቤተሰቡን ዕዳ ይከፍላል። ቀጣዩ ቦታ ይገዛል። ከዚያ ቤት ይሠራል፤ በግቢው ውስጥም ለኪራይ የሚሆኑ ክፍሎች ይደረደራሉ። የሚከራይም አልጠፋም። በሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማዋ የክልሉ መቀመጫ ሆነችና ቢሮ ከነሠራተኛው መጣ። በወረዳው ከተማም መምህሩ፣ ነርሱ፣ የግብርና ባለሙያው ቤት ይፈልጋል።

እንግዲህ ባለቤቱና ነዋሪው ለሁለት ተከፈሉ ብለን ነበር። እዚህ ደግሞ በመካከላቸው ሦስተኛ ሰው ገባ፤ ውክልና የያዘው አባት፣ አጎት ወይም ወንድም። ውይይቱ በየግቢው ይታወቃል፦

«ጋሼ፣ ጣሪያው ባሰበት እኮ።»

«አየሁት ልጄ። ሲደውል እነግረዋለሁ።»

ሁለት ሳምንት ያልፋል።

«ነገሩት ጋሼ?»

«ነገርኩት። ‹ባለፈው ዓመት አይደል እንዴ የላክሁት?› አለኝ።»

ያለፈው ዓመት ገንዘብ ለእህት ሠርግ፣ ለአባት ሕክምና ወይም ለሚቀጥለው ተጓዥ የመንገድ ወጪ ውሏል። ማንም ሌባ አይደለም። ግን ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር አልፎ የተቀመጠ ባለቤት የሚያየው ቤት፣ ሲመረቅ የተላከለትን ፎቶግራፍ ነው። በፎቶው ላይ ቤቱ አያፈስስም። ሲመጣ ደግሞ የሚመጣው በበጋ ነው፤ በበጋ የማንም ቤት አያፈስስም።

ገንዘቡ ራሱም አስተማማኝ አይደለም። በግንቦት 2000 ዓ.ም.፣ ከዚያም በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በውጭ ዜጎች ላይ ጥቃት ሲነሳ የኢትዮጵያውያን ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ፤ ሰውም ሞተ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሞርሲቶ ያለው ቤት ኪራይ ቤተሰቡን የሚያበላ ብቸኛ ገቢ ይሆናል። ተከራይ የከፈለው ብር በሙሉ ወደ ምግብ ይሄዳል። ይህን ማን ይነቅፋል? የሚበላውን የሚያጣ ሰው ጣሪያ ጠግን አይባልም። ግን ጥሬ ሐቁ አይለወጥም፤ ቤቱ ራሱ እየተበላ ነው። ሦስት ዓመት ያለ ጥገና የተበላ ኪራይ፣ በአራተኛው ዓመት ግድግዳ ሆኖ ይወድቃል።

አገር ውስጥ ያለው አከራይስ? እሱ ዘንድ ሌላ ዓይነት ጥበብ አለ፤ ተከራይ ሲወጣ ቀለም ይቀባል። እድፏ ትሸፈናለች፣ ኪራዩ ይጨምራል፣ አዲሱ ተከራይ በበጋ ገብቶ በሰኔ ጉዱን ያያል። ቀለም ቀቢው ሲታወስ ቆርቆሮ መቺው ይረሳል። ተከራዩ በበኩሉ ይህን ስለሚያውቅ በር ሲሰበር በገመድ አስሮ፣ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ፣ «የማልኖርበት ቤት» ብሎ ይወጣል። «ብነግረው ኪራይ ይጨምርብኛል» ብሎ ዝም የሚልም ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት ቤት የሚያፈስስ ሰው ቀዳዳውን ከአከራዩ ይደብቃል። እንዲህ ያለ ነገር የት አገር ይገኛል?

ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ነገሩ የሚቃለል መስሎ ነበር። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የፍሳሽ መስመሩ የጋራ ነው፤ ባለቤቶቹ ማኅበር አቋቁመው፣ አዋጥተው ይጠግኑ አለ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ትክክል ነው። ብዙ ባለዕጣ ግን ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል። ማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ተከራይ ነው፤ ተከራይ ደግሞ ድምፅ የለውም። ባለቤቱ መሬት ላይ ያለ ቤት ከሆነ ደግሞ «የአራተኛው ፎቅ ጣሪያ እኔን ምን አገባኝ?» ይላል። ቀበሌ ቤት ላይ የታየው የባለቤት መጥፋት፣ ቁልፍ የያዘ ባለቤት ባለበትም ተደገመ። ስለዚህ ነገሩ የደርግ ወይም የግል፣ የጭቃ ወይም የሲሚንቶ አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ምንድን ነው? ኪራይ ምን እንደሆነ አለመስማማታችን ነው። አከራዩ ኪራይን እንደ ደመወዝ ያየዋል፤ ሁሉም የእሱ ነው። ተከራዩ እንደ ቅጣት ያየዋል፤ ሁሉም የተወሰደበት ነው። ከኪራዩ ውስጥ የቤቱ ድርሻ እንዳለ ሁለቱም አይነግሩንም።

የሚገርመው፣ ይህን ድርሻ አንድ አካል ሲያውቀው ኖሯል፤ እሱም ግብር ሰብሳቢው ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286፣ የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከጠቅላላ የኪራይ ገቢው አንድ አምስተኛውን ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና መጠባበቂያ ብሎ ግብር ሳይከፍልበት እንዲያስቀር ፈቀደ። በ2008 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 979 ይህን ወደ ግማሽ አሳደገው። ልብ በሉ! መንግሥት «ከምትሰበስበው ኪራይ ይህን ያህሉ የቤቱ ነው፣ እኔም አልነካውም» ብሎ ነበር ማለት ነው። ለቤቱ ተብሎ ከግብር የዳነው ብር ቤቱ ላይ መዋሉን የጠየቀ ግን የለም። ግብሩ ተቀነሰ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ሁለቱም በየመዝገባቸው ጸጥ አሉ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ጸደቀ። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ እንዲሆን ደነገገ። ተከራይ በየሦስት ወሩ ዕቃውን ተሸክሞ ሲዞር ለኖረበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በየሻይ ቤቱ የተነሳው ክርክር ግን ስለ ዋጋ ብቻ ነበር፤ ጨመረ፣ አልጨመረ፣ ተጋፈፍን፣ ተጨቆንን። ከ1967ቱ አዋጅ ልንወስደው የሚገባው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ያኔም ክርክሩ ስለ ዋጋ ነበር፤ ዋጋው ተቀነሰ፣ ተከራዩ ደስ አለው፣ ቤቱ ግን ሞተ። ዋጋን መቆጣጠር በራሱ ጥፋት አይደለም። የጥገናውን ጥያቄ ሳይመልሱ ዋጋን መቆጣጠር ግን የትናንቱን ቤት ዛሬ እንደገና መሥራት ነው። ዋጋን ልቅ ትቶ ጥገናን መርሳትም ያው ነው፤ ልቅ በነበረባቸው ሠላሳ ዓመታት የግል አከራዩ ጣሪያ ከቀበሌው ያነሰ አላፈሰሰም።

ምን ይደረግ? ትልቅ ነገር አያስፈልግም። ውሉ በጽሑፍ ይሁን ከተባለ ዘንድ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ይጨመር። አንደኛ፣ ተከራዩ ሲገባ የቤቱ ሁኔታ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት፤ የትኛው በር አይዘጋም፣ የትኛው ጥግ ያፈስሳል። ይህ አከራዩንም ይጠቅመዋል፤ ተከራይ የሰበረውን ከእርጅናው ይለይለታል። ሁለተኛ፣ ከኪራዩ ውስጥ ለቤቱ የሚውለው ስንት እንደሆነ በቁጥር ይገለጽ። አከራዩ ካልጠገነ ተከራዩ አስጠግኖ፣ ደረሰኝ አቅርቦ፣ በዚያው ልክ ከኪራዩ እንዲቀንስ ይስማሙ። አከራዩ «ደረሰኝ ያበዛብኛል» ብሎ መስጋቱ ተገቢ ነው፤ ለዚህም ነው ጣሪያው አስቀድሞ የተቆረጠ መሆን ያለበት። ሦስተኛ፣ ቤቱ የሚታይበት ቀን ይወሰን። ግንቦት ጥሩ ወር ነው። ክረምቱ አልገባም፣ ቆርቆሮ መቺ ይገኛል፣ ባለቤቱ ደቡብ አፍሪካም ቢሆን በስልክ ቪዲዮ ጣሪያውን ማየት ይችላል። የፎቶው ቤት ሳይሆን ያለው ቤት ይታየው።

«ይህማ ለሠለጠነ አገር ነው» የሚል ይኖራል። ስህተት ነው። ያሆዴና መሳላ ሲመጡ ግድግዳውን የሚመርገው የሚሻ ገበሬ ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል፤ ቀን ቆርጦ፣ ቤቱን አይቶ፣ ያጎደለውን ሞልቶ። ወደ ከተማ ስንገባ ቆርቆሮውን ይዘን ልማዱን ገጠር ትተነው መጣን። ባለቤትና ነዋሪ ሁለት ሰው መሆናቸው ላይቀር፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን እንደ አንድ ሰው ሆነው አንገታቸውን ቀና አድርገው ጣሪያውን ቢያዩት ምን ይጎዳቸዋል? ሰኔ አጠያየቁን ያውቅበታል። ያኔ የሚጠይቀው ግን ማን ይድፈን ብሎ አይደለም፤ ማን ሥር ነው ያለው ብሎ ነው።